ስለ ሼምሲ ፓሻ መስጊድ፦ ጠይቁኝ

ኢስታንቡል፣ ኡስኩዳር፣ ቦስፎረስ ዳር ስላለችው ትንሽ መስጊድ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ሠራት?
መልስ፦ የኦቶማኖች ዋና አርክቴክት ሚማር ሲናን፣ በ1580 እና 1581። አሠሪው የኦቶማን ባለሥልጣን የነበረው ሼምሲ አህመድ ፓሻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኤዲርኔ ከተማውን ትልቅ መስጊድ ሰሊሚዬን የሠራ ሰው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ምን ሊያሳይ ይችላል?
መልስ፦ ይሄን ነው የምፈልገው! ትንሽ ስለሆነች ቀላል ናት አትበሉ። የሰሊሚዬ ጉልላት 31 ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ የዚህችኛዋ 8 ሜትር ቢሆን ነው። ግን ቦታውን እዩት። በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላ በኩል መንገድ፣ ቂብላው (የሶላት አቅጣጫው) ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር አይገጥምም። ሲናን መስጊዷን ወደ መካ አዞረና ግቢውን በባሕሩ መስመር ተወው። መድረሳውን (የሃይማኖት ትምህርት ቤቱን) ደግሞ በሁለት ጎን አጠፈው። ስለዚህ ስትገቡ መስጊዷን ሰያፍ ሆና ነው የምታገኟት። ከሁሉ የምወደው መቃብሩን ነው። በኦቶማኖች ዘንድ የፓሻ መቃብር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይቆማል። እዚህ ግን ከመስጊዷ ጋር ተጣብቆ፣ በመሃል ያለው የብረት ፍርግርግ ብቻ ነው። ሰጋጁና ሟቹ አንድ ድምፅ ይሰማሉ። ፓሻው በ1580 ስለሞተ ምርቃቷን አላየም፤ ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ ስለ ኦቶማን ሕንጻ በአጠቃላይ ብታብራራልን?
መልስ፦ ወንድሜ፣ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ወፍ አያርፍባትም የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ ቱርኮች «ኩሽኮንማዝ» ይሏታል፣ ወፍ የማያርፍባት ማለት ነው። ንፋሱ ስለሚበረታ ነው ይላሉ።
ሌላ አባል፦ እኔ ባለፈው ዓመት ሄጄ ጣሪያዋ ላይ እርግብ አይቻለሁ!
ሦስተኛ አባል፦ ጠዋት ይሆናል፤ ንፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው።
ሌላ አባል፦ ከሰዓት ነው ያየሁት እኮ።
መልስ፦ ወፎቹን ተዉአቸው፣ ስለ ሕንጻው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ስለሆነች ለሲናን ቀላል ሥራ አልነበረችም?
መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ። ትንሽ ማለት ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ መድረሳው አሁን ምን ሆነ?
መልስ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ጥያቄ፦ መግባት ይፈቀዳል?
መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ግን ይሰገድባታልና የሶላት ሰዓት ይለፍ። ከገባችሁ መጀመሪያ ፍርግርጉን ፈልጉ።