የቤት አረቄ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ላልሽው፣ እንደ አረቄ አውጪ ልጅና እንደ ነርስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አይቼው ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ወንድምሽ ከውጭ ሲመጣ ሠላሳ ሊትር የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአረቄ ማውጫ ይዞ መጥቷል። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሊጀምር ነው። እሱ «አሜሪካ እንኳ ፍርድ ቤት ፈቅዷል፣ እዚህም በሕግ ይፈቀድ» ይላል፤ አንቺ ደግሞ ሰው ያሳውራል ሲባል ሰምተሽ ፈርተሻል። ከስር የመለሱልሽ ሰዎች ገሚሶቹ «ባህላችን ነው» ብለው አልፈዋል፣ ገሚሶቹ «መርዝ ነው፣ ይዘጋ» ብለዋል። እኔን ያሳደገችኝ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ እናት ናት። ነርስ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ከሠራሁ ደግሞ 22 ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ቢረዝምም ታገሺኝ።

መልሴን ላስቀድም፤ ይፈቀድ። ግን እናቴ ታወጣ በነበረበት ቦታ አይሁን፣ የማን እጅ እንደነካው በማይታወቅ ጀሪካን እየዞረም አይሸጥ።

ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ግቢው አሁን የለም፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ሄዷል። ስምንት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት የቀበሌ ቤት ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ አምስታችንን ያበላን፣ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛልን አረቄ ነው። እናቴ ጌሾውን ወቅጣ ከብቅል ጋር ትጠነስሰዋለች። አራት አምስት ቀን ሲያድር ከዳጉሳና ከበቆሎ ዱቄት የጋገረችውን ቂጣ ቆራርሳ ትጨምርበታለች። ድፍድፉ ሲደርስ ወደ እንስራው ይገለበጥና እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ ይከደናል፣ መቃው ይሰካል፣ መገጣጠሚያው በጭቃና በእበት ይመረጋል። የመቃው ሌላኛው ጫፍ ሳፋ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ገንቦ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ጠብታውን ይጠብቃል።

የሳፋው ውሃ የእኔ ሥራ ነበር። እጄን እነክርና ሞቅ ካለ ግማሹን ቀድቼ ደፍቼ ቀዝቃዛ እጨምራለሁ። ውሃው ከሞቀ እንፋሎቱ አይጠልም፤ አረቄ መሆኑ ቀርቶ አየር ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ቧንቧው የደረቀ ቀን እናቴ ድፍድፉ ቢያልፍባትም እሳት አትለኩስም ነበር። ይህንን የውሃ ነገር አደራ ያዢልኝ፣ ወደ ወንድምሽ ጉዳይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሲኒ ያህል እናቴ ለብቻው ትይዘው ነበር። የምትይዘው ግን ልትደፋው አልነበረም። «ይሄ ያቃጥላል» ትልና ለምታከብረው ደንበኛ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ሳስበው ያ ሲኒ ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። ቀድሞ የሚተነው አሴታልዴሃይድና ኤቲል አሴቴት የሚባለው ነገር እዚያ ውስጥ ይበዛል፤ ራስ የሚበጠብጠውም፣ ጉሮሮ የሚልጠውም እሱ ነው። ወንድምሽ ቪዲዮ ላይ አይቶ «የመጀመሪያውን ከደፋሁ ሜታኖሉ ተጠራርጎ ይወጣል» ካለሽ ግን አትመኚው። ሜታኖል፣ ማለትም ሰው የሚያሳውረው መርዛማ አልኮል፣ ለብቻው ሲሆን በ65 ዲግሪ ገደማ፣ የምንጠጣው አልኮል ኤታኖል ደግሞ በ78 ገደማ ይፈላል። ከውሃ ጋር ሲደባለቁ ግን እንደዚያ ተራ ጠብቀው አይወጡም፤ ሜታኖሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብታ ተበትኖ ይወርዳል። የእናቴን ደንበኞች ያዳናቸው የሲኒው ጉዳይ ሳይሆን የእህሉ ዓይነት ነው። ሜታኖል የሚፈጠረው በአብዛኛው ፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው፤ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎና ከገብስ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። ሃያ ዓመት ስትሸጥ ዓይኑ የጠፋ ደንበኛ አልነበራትም።

ታዲያ ሰው የሚያሳውረው ከየት ይመጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሦስት ጓደኛሞች ተሸክመው አመጡልን። በዋዜማው ማታ ከአንድ መጠጥ ቤት በውሃ ፕላስቲክ ያስቀዱትን ጠጥተው ደህና ገብተው ተኝተዋል። ክፉው ነገር ይህ ነው፤ ሜታኖል ወዲያው አይናገርም፣ ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ዝም ሊል ይችላል። ጉበት ቀስ እያለ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠውና ያ አሲድ የዓይንን ነርቭ ይመታል። ከሦስቱ ወጣቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ፊቱ ላይ እያወዛወዘ «ሲስተር፣ መብራቱን ማን ቀነሰው? ጭጋግ ገብቷል እንዴ?» ይለኝ ነበር። መብራቱ አናታችን ላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር። ትንፋሹ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው ጥልቅና ፈጣን ነው። ሐኪሙ አልኮል እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ጉበት ኤታኖል ካገኘ እሱን ስለሚያስቀድም ሜታኖሉ ወደ አሲድ ሳይለወጥ ይቆያል፣ እስከዚያ ኩላሊት ማጠቢያ ይደርሳል። አንደኛው ድኖ ወጣ። አንደኛው ሞተ። ያ ወጣት ቤተሰቦቹ እየመሩት ሄደ። በኋላ ቤተሰቡ እንደነገረን መጠጡ ተሠርቶ ሲወጣ ምንም አልነበረበትም፤ ሻጩ እንዲበረክትለት ከኬሚካል መሸጫ የገዛውን «አልኮል» ጨምሮበት ነው።

እስከዛሬ ያየኋቸው የሌሎች ሕመምተኞች ነገርም ሲጣራ የሚደርሰው እዚያው መቀላቀሉ ላይ ነው። በሌላውም ዓለም እንደዚያው ነው። ኢራን መጠጥ በሕግ ክልክል የሆነባት አገር ናት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወቅት በሜታኖል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ቼክ ሪፐብሊክ መጠጥ የተፈቀደባት ናት፤ እዚያም በ2012 እ.ኤ.አ. ሜታኖል የተቀላቀለበት ጠርሙስ ገበያ ገብቶ ብዙ ሰው ስለገደለ መንግሥት ጠንካራ መጠጥን ለጊዜው እስከማገድ ደርሶ ነበር። ወደ እኛ የምትቀርበው ኬንያ ደግሞ ቻንጋ የሚሉትን የቤት አረቄያቸውን በ1980 እ.ኤ.አ. ከልክላ በ2010 እ.ኤ.አ. ፈቀደች። ፈቃዱ ግን በመስታወት ጠርሙስ አሽጎ፣ ምልክት ለጥፎ፣ ለፈቃድ ከፍሎ ነው። ጓሮዋ ውስጥ የምታወጣ እናት ይህንን ከየት ታመጣዋለች? ብዙዎቹ እንደተደበቁ ቀሩና በ2014 እ.ኤ.አ. ሜታኖል የገባበት መጠጥ ከ80 በላይ ሰው ጨረሰ። ስለዚህ «ይፈቀድ» የሚለው ቃል ብቻውን ማንንም አያድንም፣ «ይከልከል» የሚለውም አያድንም።

ስለ አሜሪካው ጉዳይ በአጭሩ። እዚያ የቤት ቢራ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ አረቄ ግን ተከልክሎ ቀርቷል። ክልከላው ከርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ቀረጥ እንዳያመልጥ በ1868 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ያለ አንድ የፌዴራል ዳኛ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የፈረደው ለከሳሹ የቤት አረቄ አውጪዎች ማኅበርና ለአባላቱ ነበር። ወንድምሽ «አሜሪካ ፈቅዷል» ሲል ይህንን አስታውሺው። ኒውዚላንድ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለራስ መጠጫ ማውጣትን ፈቅዳለች፣ መሸጥ ግን አይቻልም። የእነሱ ክርክር ጋራዡ ውስጥ ለራሱ የሚያወጣ ሰው ነፃነት ላይ ነው። የእኛ አረቄ ደግሞ የልጅ እንጀራ ነው፣ የሚወጣውም ሊሸጥ ነው። የእነሱን ሕግ እንዳለ ብናመጣው እናቴን የሚመለከት አንድ መስመር አይገኝበትም።

እናቴን ማንም «ፈቃድ አሳዪ» ብሏት አያውቅም። «ናሙና አምጪ» ያላትም የለም። የከለከላትም የጠበቃትም አልነበረም። የጠርሙሱን ጥንካሬ የምትለካው አወዛውዛ አረፋውን በማየት ነው። ያልተማመነ ደንበኛ ጠብ አድርጎ ክብሪት ይለኩስበታል፤ ሰማያዊ ከነደደ «ንጹሕ ነው» ይላል። ይህንን አሁንም የሚያደርግ ስላለ እናገራለሁ፤ ሜታኖልም ሰማያዊ ነው የሚነደው። እንደ ቴርሞሜትር ያለውና ጠርሙስ ውስጥ የሚንሳፈፈው የአልኮል መለኪያም አይለየውም፣ የሁለቱ ክብደት ለጥቂት ነው የሚለያየው። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው የቤተ ሙከራ መሣሪያ ግን ይለየዋል። የሕጉ ገንዘብ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ወረዳው አውጪዋን ይመዝግብ፣ ቁጥሯ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፣ ያለ ቀጠሮ ናሙና ይወሰድ፣ ምርመራውን መንግሥት ይክፈል። ዛሬ ከአረርቲ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከአርሲ ነገሌ በጀሪካን የሚመጣው አረቄ መለኪያ ላይ እስኪደርስ ስንት እጅ ያልፋል? ከአውጪዋ እስከ ጠጪው መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚቀላቅል ሰው ቦታ ያገኛል። የእናቴ ደንበኛ ግን እሷው እጅ ላይ ነበር የሚጠጣው።

ሌላው እሳቱ ነው፤ ይህንን መልስ ከሰጡሽ ሰዎች አንድም አላነሳውም። በ1981 ዓ.ም. ክረምት ላይ ምርጊቱ ተሰነጠቀ። እናቴ ጭቃ አርጥባ ልትለጥፍ ጎንበስ ስትል በስንጥቁ የወጣው እንፋሎት ከምድጃው እሳት ያዘ። ድምፁ እንደ ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ ነው። የሸራው ጣሪያ በአንድ ጊዜ ነደደ፣ ግራ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ተላጠ። ጎረቤቶች በባልዲ እየተቀባበሉ ባያጠፉት ግቢው በሙሉ በጭቃና በእንጨት የተሠራ ነው፣ ስምንቱም ቤት ይሄድ ነበር። ከሳምንት በኋላ በአንድ እጇ ጌሾ ስትወቅጥ አየኋት፤ የትምህርት ቤት መዋጮ ደርሶ ነበር። ነርስ መሆን አለብኝ ያልኩት ያኔ ነው። ጭሱም አለ፤ በመጨረሻ ዘመኗ ደረጃ መውጣት የማትችለው በሳንባዋ ምክንያት ነበር፣ ሲጋራ ግን ነክታ አታውቅም።

ስለዚህ በተጠጋጋ ቤት ውስጥ መውጣቱን እኔ አልደግፍም። በየኮንዶሚኒየሙ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት ኮሚናል አለ አይደል? ግማሹ ተቆልፎ መጋዘን ሆኗል። የግንቡ ቤት፣ ውሃውና አየሩ ተዘጋጅቶ እያለ ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው እዚያ ተራ ይዘው ቢያወጡ ምርመራውም ይቀላል፣ እሳቱም ማንንም አይበላም፣ አተላውም ተሰብስቦ ለከብት አድላቢ ይሸጣል።

ስካሩን ረስቼው አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ በራችን ላይ የሚጠብቅ ሰው ነበረን፤ እናቴ የመጀመሪያውን መለኪያ ራሷ ይዛ ታጠጣው ነበር። ያ ሰው ሕክምና ነበር የሚያስፈልገው። «አባቴ ልኮኝ ነው» ብሎ ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ የ14 ዓመት ልጅም ይቀዳ ነበር። አሁን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ አውጪዋ ከተመዘገበች ይህንንም የሚጠይቃት ይኖራል።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። አራተኛ ፎቅ ላይ አይጀምር። መብራት ቢጠፋ ማውጫው ይበርዳል፣ ችግር የለውም። ውሃ ሲቋረጥ ግን ማሞቂያው ሥራውን ይቀጥላል፣ የሚያበርደው የለም፤ እንፋሎቱ እንዳለ ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ እናንተ ደግሞ ማዕድ ቤት ውስጥ ቡታ ጋዝ አላችሁ። የልደታ ውሃ እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ኮሚናሉን ካገኘ፣ በእህል ብቻ ይሥራ፣ የመጀመሪያውን ይድፋ፣ ሥራ ላይ እያለ ጥሎት አይውጣ፣ ቱቦው ፕላስቲክ አይሁን። ለሰው አይሽጥ።

አንድ ሰው ደግሞ የትም ይጠጣ የት፣ በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወተት፣ ሎሚ፣ ቡና እያላችሁ ሰዓት አታጥፉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሩጡና የጠጣውን ሳትደብቁ ተናገሩ። ብዙ ሰው አፍሮ «ምግብ ነው የመረዘው» ይላል፤ እኛም በምግብ መመረዝ ስንደክም የዓይኑ ሰዓት ያልፋል።

እኔ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ እወጣለሁ፣ ልደታ ደግሞ መንገዴ ነው። ወንድምሽ ፈቃደኛ ከሆነ መጥቼ ማውጫውንና መገጣጠሚያውን አየዋለሁ፤ በውስጥ ጻፊልኝ።