የ34–36 ሳምንት ሕፃናት ሥልጠና፦ ስላይድ ለጠየቁት ባልደረባ

ውድ ባልደረባችን፣ ከ34 ሳምንት እስከ 36 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚወለዱት ሕፃናት፣ ሌት ፕሪተርም ስለምንላቸው ማለት ነው፣ ለሆስፒታልዎ ኢንተርኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ሥልጠና እንዲሰጡ መታዘዝዎን ገልጸው ስላይድ ያለው ሰው እንዲልክልዎ ጠይቀዋል። ስላይዱ አለኝ፤ ነገር ግን አልልክልዎትም። በንፉግነት እንዳይመስልዎት። ያው ስላይድ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ፣ ሠልጣኙ አበሉን ፈርሞ ሲሄድ፣ በማግሥቱም በድኅረ ወሊድ ክፍል አንድም ነገር ሳይለወጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አንደኛ፣ ሥልጠናውን ከአዳራሽ ያውጡት፤ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍልም አይውሰዱት። እነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ እዚያ አይገቡም። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ ሲወለድ በደንብ ያለቀሰ፣ መልኩም ያማረ ሕፃን ‹‹ደህና ነው›› ተብሎ እናቱ ጎን ይተኛል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው አልጋ ስለሚፈለግ ይሸኛል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ፣ ጡት መሳብ አቅቶትና ተዝለፍልፎ ይመለሳል። ስለዚህ የማስተማሪያ ቦታዎ የእናቲቱ አልጋ ዳር ነው።

ይህን ጽፌ ለሥልጠና አስተባባሪው ክፍል ሳቀርብ ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነበው ወደ እኔ ገፋው። አልጋ ዳር የሚሰጠው ራውንድ፣ የሕሙማን ጉብኝት፣ እንጂ ሥልጠና አይደለም፤ አዳራሽና ባነር ከሌለ፣ የተሳታፊዎች ፊርማ ከሌለ ሪፖርት ውስጥ አይገባም አለኝ። ቀጥሎም፣ ሌላ ሰው በተቀመጠበት፣ ‹‹ዶክተሮች ሁልጊዜ ነገር ታወሳስባላችሁ›› ብሎ ሌላ ባለጉዳይ ጠራ። እርስዎም ይህን ሰው ማግኘትዎ አይቀርም፤ ስሙ ቢለይም ወንበሩ ያው ነው። አይከራከሩት። እኔ ባነሩን አሰቅዬ፣ ለመክፈቻው ያህል ጠዋቱን አዳራሽ ውስጥ አሳልፌ፣ ፎቶግራፍ ከተነሣን በኋላ ሠልጣኞቹን በትናንሽ ቡድን ከፍዬ ወደ ድኅረ ወሊድ ክፍል አስገባኋቸው። ሪፖርቱም አማረ፤ ሥራውም ተሠራ።

ሁለተኛ፣ የእርግዝና ዕድሜ አቆጣጠርን እንደሚያውቁት አድርገው አይለፉት። ብዙ እናቶች የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን ‹‹ፍልሰታ ሲገባ›› ወይም ‹‹ከጥምቀት ሳምንት በፊት›› ብለው ነው የሚናገሩት። ይህ ለሚያዳምጥ ሰው ጥሩ መረጃ ነው፤ ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር የመውለጃው ቀን ሲሰላ በወር አበባው ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ይደመርና ጳጉሜን በመካከል ካለፈች አምስት ቀን፣ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ስድስት ቀን፣ ይቀነሳል። ያለፈውን የእርግዝና ዕድሜ ሲቆጥሩ ግን ጳጉሜን በተገላቢጦሽ ትደመራለች። እዚህ ላይ ኢንተርኑ ይምታታበታል፤ ጳጉሜን ያላለፈችበትን እርግዝና እንዳለፈችበት ቆጥሮ አምስት ቀን የጨመረ ሰው የ36 ሳምንት ከ3 ቀኑን ሕፃን 37 ሳምንት ከ1 ቀን ያደርገውና ከክትትል ያወጣዋል። የሕፃኑን ገላና እንቅስቃሴ አይተን ዕድሜውን የምንገምትበት የባላርድ ምዘናም ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ ካለ እሱ ይቀድማል። ከተጠራጠሩ ሕፃኑን ያለ ጊዜው እንደተወለደ አድርገው ይያዙት።

ሦስተኛ፣ ምገባ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። ኢንተርኑ ራውንድ ላይ ‹‹በደንብ ይጠባል›› ብሎ ሲያቀርብ ‹‹ሲጠባ አይተኸዋል?›› ብለው ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቲቱ ሰምቶ ነው። እኔ እያንዳንዱን ሠልጣኝ አንድ ሙሉ ምገባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ስልኩን ሳይነካ፣ ቁጭ ብሎ እንዲያይ አደርጋለሁ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጡቱን ይይዛል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይስባል፣ ከዚያ አገጩ መንቀሳቀሱን ያቆምና ዓይኑ ይከደናል። እናቲቱ ‹‹ጠገበልኝ›› ትላለች። የመዋጥ ድምፅ ግን አልተሰማም። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም ወተቱ ታልቦ በኩባያ እንዲሰጠው ለማዘዝ ማንም አይቀሰቅሰውም። አንዲት ጭምት ኢንተርን፣ ነገ ትሸኛለች የተባለችን ሕፃን እንዲህ አይታ፣ ‹‹አትወጣም›› ብላ ከአንድ ሲኒየር ጋር ስትሟገት ሰምቼ ከበር ላይ ተመለስኩ፤ መግባትም አላስፈለገኝ።

ስለ ሕፃኑ የደም ስኳር መጠን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ማጥባት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ከዚያም እስከ 24 ሰዓት ከየምገባው በፊት መለካት። እናቲቱ ከ34 ሳምንት በኋላ ለሳንባው ተብሎ ስቴሮይድ ተሰጥቷት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ ጥናት የመተንፈስ ችግሩ ሲቀንስ የስኳር ማነሱ እንደሚጨምር አሳይቷል። የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦችን ሥልጠናው ላይ የምጋብዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መርፌውን የሚሰጡት እነሱ፣ ስኳሩን የምንለካው እኛ፣ በመካከል የሚጠፋው ደግሞ ወሬው ነው።

የሙቀቱን ነገር በአጭሩ ላንሣው። ከ36.5 እስከ 37.5 የሚለውን ቁጥር ሁሉም ያውቀዋል፤ እግሩን የሚዳብስ ግን የለም። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ መቀዝቀዙ ጀምሯል ማለት ነውና ከእናቱ ገላ ጋር ይለጠፍ፤ አያትየዋም ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ትታገሥ።

ቢጫነቱን በዓይን ገምቶ መሸኘትን በፍጹም አይፍቀዱ። በእነዚህ ሕፃናት ቢጫ የሚያደርጋቸው ቢሊሩቢን ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ስለሆነ፣ በ24 ሰዓት ቆዳው ቢጫ አለመሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ‹‹ፀሐይ አሙቂው›› ብሎ መሸኘትም ሕክምና አይደለም፤ እናቲቱ ተስፋ አድርጋ ቤቷ እንድትቆይ ከማድረግ በቀር። ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆዩ፤ ከወጡም በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚታዩበት ቀጠሮ ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። አልጋ የለም የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነትም የለም። እኛ ዘንድ ከመስኮት ራቅ ያሉ ጥቂት አልጋዎችን ለእነዚህ እናቶች ብቻ ያስለየችልን የክፍሉ አዋላጅ ኃላፊ ናት። ኢንተርኑ ወር ሳይሞላው ተቀይሮ ይሄዳል፣ አዋላጇ ግን ዓመት ሙሉ እዚያው ናት፤ ስለዚህ የሥልጠና ጥሪ ደብዳቤዎ ሐኪሞችን ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ እሷንም ይጨምሩበት።

የመከታተያ ቅጻችንን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። ስኳር የምንለካበትን የግሉኮሜትር ስትሪፕ ግን ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ከንብረት ክፍል ፈርመው በእጅዎ ያስገቡ። ቀኑንም ከሰኔ መጨረሻ ያርቁት፤ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ መጋዘኑ ለቆጠራ ይታሸግና አንድ ካርቶን ስትሪፕ እንኳ የሚያወጣልዎ ሰው አያገኙም።