«ጋሼ፣ ጋራዥ ልንከፍት ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ሦስታችንንም መኪና ያሳበደን። አንደኛው የባንክ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው አንድ አስመጪ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት በመካኒክነት ሠርቷል። እኔ የአባቴን ዲኤክስ ስፈታና ስገጥም ነው ያደግሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ሰው መኪና እንሠራለን፣ ሰዉም «እናንተ ልጆች ለምን አትከፍቱም?» ይለናል። ገርጂ አካባቢ ስምንት መኪና የሚያቆም ግቢ አግኝተናል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። እንግባበት? ደግሞ አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ስለሆነ የቤንዚን መኪና ጋራዥ መክፈት ኪሳራ ነው የሚሉን አሉ።

መልስ፦ የስድስት ወሩን ብር ገና አልሰጣችሁም አይደል? እሰይ። ለጊዜው ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ጋራዥ ከፍቼ በሁለት ዓመቱ ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ደንበኛ አጥቼ ይመስለዋል። ደንበኛማ በሽ ነበር። የጎዳኝ የቆመ መኪና ነው። የኔም ግቢ ስምንት መኪና ነበር የሚይዘው፣ አንድ ቀን ጠዋት ቁጭ ብዬ ስቆጥር አምስቱ ከወር በላይ ንቅንቅ አላሉም፦ አንዱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚስተካከልበት፣ ገብቶ የቀረ፣ አንዱ ኢንሹራንስ «እሺ ይሠራ» እስኪል የሚጠብቅ፣ አንዱ ዕቃው ከዱባይ ይመጣል የተባለ፣ አንዱ ሞተሩ ከወረደ በኋላ ባለቤቱ ብር አጥሮት ስልክ ማንሳት ያቆመ። አምስተኛዋስ የማን ነበረች? የኔው። ጥግ ላይ ሸራ አልብሼ «ጊዜ ሳገኝ እሠራታለሁ» የምላት ፔጆ 404። ኪራይ የምከፍለው ለስምንት ቦታ፣ ብር የሚያስገቡልኝ ሦስቱ።

መኪና የሚወድ ሰው ከባድ ሥራ ይወዳል። ሞተር አውርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይሮ ገጥሞ፣ ከዚያ መጀመሪያ ሲነሳ ያለውን ድምፅ ማን ይጠላል? ኪራዩን የሚከፍለው ግን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የሚወጣው ነው። ዘይትና ፊልትሮ፣ ፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተር፣ ካንዴላ፣ የሚኒባስ ፍሪሲዮን። የመጀመሪያውን ዓመት እሱ ላይ ቆዩ። ሞተር የሚወርድ ከመጣም ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ አትፍቱት። የራሳችሁ መኪና ደግሞ ግቢው ውስጥ አይደር። ዲኤክሷ ቤቷ ትቆይ።

ቅዳሜ የሚመጣላችሁ ወዳጅ ነው፣ ብትዘገዩ ቡና ጠጥቶ ይጠብቃል። ሰኞ የሚመጣው ግን ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ ያለበት ሰው ነው፣ ወይም ሚኒባሷ አንድ ቀን በቆመች ቁጥር ገቢዋን የሚያጣ። «ነገ ና» ስትሉት ሁለቴ ይታገሳል። ሦስተኛው ላይ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራላችኋል።

ወደ ግቢው ልመለስ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ወረዳና ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ቦታው የኮሪደር ልማት ወይም ሌላ ፕላን ይነካዋል ወይ? እዚያ ቦታስ ጋራዥ ይፈቀዳል ወይ? ንግድ ፈቃዱን ለማውጣት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል፣ ለሱ ደግሞ ባለሙያችሁም መሣሪያችሁም ቦታችሁም ይታያል። መጀመሪያ ተከራይቶ ቀጥሎ «አይሆንም» መባል የብዙ ልጆችን ብር በልቷል። የተቃጠለ ዘይት የት እንደምታጠራቅሙም ከወዲሁ አስቡ። ቦይ ውስጥ ደፍታችሁ ከጎረቤት ጋር አትጣሉ።

የባንኩ ልጅ ገንዘቡንና ደረሰኙን ይያዝ። የመካኒኩ እጅ ዘይት ስለሆነ ብር አይቁጠር (ይህን የምለው በቀልድ አይደለም፣ የኔ የሒሳብ ደብተር ግማሹ በግሪስ የማይነበብ ነበር)። የባንኩም ልጅ ቢሆን ኩሽኔታ (የጎማ መሽከርከሪያውን) ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) መለየት ይልመድ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ቢወጣም ጋራዥ ውስጥ ያለው ቋንቋ ግን ዛሬም የሱ ነው። የሦስታችሁን ድርሻ ደግሞ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ደመወዝ ያገኛል፣ አንዱ ልውጣ ቢል እንዴት ይሆናል? ጓደኛ መሆናችሁን አውቃለሁ። ለዚያ ነው ጻፉ የምላችሁ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ የተከለከለው በ2016 ነው። መንገድ ላይ ያለው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዶልፊን ሚኒባስና አይሱዙ ግን የትም አልሄደም። እንደውም አዲስ ስለማይገባ ያለው ይበልጥ ይጠገናል። በዚህ አገር መኪና እስከ ስንት ዓመቱ እንደሚነዳ ለናንተ አልነግርም። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ጎማ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታና ፍሬን አለው። በባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ይህን ዛሬም መሥራት ትችላላችሁ። ብርቱካናማውን ወፍራም ገመድ ግን ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው። በውስጡ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ መኪናው በቁልፍ ከተዘጋ በኋላም ወዲያው አይሞትም። ከሦስታችሁ አንዱ ይሠልጥን፣ መካኒኩ ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ የተከፈተ ጋራዥ ሰፈሬ አለ፣ ልጆቹ ትሑቶች ናቸው። ግን መካኒክ ዕቃ ሲገዛ ኮሚሽን ይበላል ይባላል። ልመናቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ አብረሽ ሂጂ፣ ካልቻልሽ በስልክ ከሻጩ ጋር ያገናኝሽ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርገው እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ደንግጠው «ጣልነው» ካሉ ሌላ ጋራዥ ፈልጊ። ሳትጠይቂያቸው ራሳቸው ካመጡልሽ ግን ስልካቸውን መዝግቢ፣ ለኔም ላኪልኝ። የቆመች ፔጆ አለችኝ።