ፈቃድ ወጥቼ ብመለስም ድካሙ አለቀቀኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምሠራ የ34 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኔው ሂሳብ መዝጊያ ወዲህ ጠዋት የምነሳው ዝዬ ነው። ደንበኛ ሲጠራኝ ይመረኛል፤ በገዛ እጄ የሠራሁትን ቫውቸር ሦስቴ ካላየሁት አላምነውም። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ነበር፣ በተመለስኩ በሳምንቱ ያው ሆንኩ። ደም ተመርምሬ ደህና ነሽ ተብያለሁ። ማታ የሥራውን ቴሌግራም ግሩፕ ስከታተል 6 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑን በቡና ነው የምገፋው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የማይለቅ ድካም፣ ሥራውንና ደንበኛውን መጥላት፣ በራስ ሥራ አለመተማመን፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውት ሲል ያስቀመጠው የሥራ ዝለት እነዚህን ሦስቱን ይይዛል። ድርጅቱ በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ችግር ነው ያለው። ፈቃዱ ያልረዳዎትም ለዚህ ነው፤ ሲመለሱ ጫናውም የማታው ልማድም በነበሩበት ጠበቁዎት።

እባክዎ ሰኞን ጠብቀው ጂም፣ ምግብ ቁጥጥርና ሌሊት መነሳት በአንድ ላይ አይጀምሩ። ለዛለ ሰው ይህ ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚስተካከለው አንድ ነገር ነው፣ የመነሻ ሰዓት። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ፤ እንደነጋ በረንዳ ወይም ግቢ ወጥተው 10 ደቂቃ ብርሃን ያግኙ። እሑድ እስከ 4 ሰዓት ከተኙ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሰኞም ሳይተኙ ይነጋል። የመኝታውን ሰዓት በአንዴ ለመለወጥ አይታገሉ፤ በየሦስት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም ያድርጉት። ከ6 ሰዓት ተነስተው በሦስት ሳምንት ገደማ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ተኝተው 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ይውረዱ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ቁጭ ይበሉ፣ ሲያንጎላጅዎት ይመለሱ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ መቆየት አልጋውን የሐሳብ ቦታ ያደርገዋል።

ቡናውን ተዉ አንልም። ነገር ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ስኒ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው። ስለዚህ ከ7 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ፤ ማታ ቤት ከተፈላ ወጉ አይቅር፣ ተቀምጠው ይጫወቱ እንጂ አይቅመሱ። በድንገት ማቆም ራስ ምታት ስለሚያስከትል በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ። ሻይም ካፌይን አለው።

ማታ የሚያስነቃዎት ግን ከቡናው ይልቅ ሳይዘጋ የመጣው ሥራ ይመስለናል። ከመውጫዎ 10 ደቂቃ በፊት ስልክዎ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የት አቆምኩ፣ ነገ መጀመሪያ የምነካው የቱን ነው፣ ማንን እጠይቃለሁ። «ከደንበኛው ፊርማ የቀረ አለ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይደወል» ያህል የተለየ ይሁን፤ «ፋይሎቹን መጨረስ» ብለው ከጻፉ አእምሮ ማሰቡን አይተውም። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቅር። ከዚያ ግሩፑ ላይ «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ካለ ደውሉልኝ» ብለው ይጻፉና ድምፁን ያጥፉት። ሳይናገሩ ዝም ካሉ ግን «ምን ብለው ይሆን» የሚለው ስጋት ራሱ ስልኩን ያስከፍታል።

እንቅልፉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲይዝልዎት በቀን 20 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጨምሩ፣ እያወሩ መሄድ በሚቻል ፍጥነት። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይበቃል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ደህና የሆኑ ዕለት ነው፤ ጉልበት ተገኘ ብለው የተከማቸውን ሁሉ ሲሠሩ ይውሉና ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ይወድቃሉ። ደህና በሆኑበት ቀንም 20 ደቂቃው ላይ ያቁሙ።

ጾም ላይ ከሆኑ ጉዞውን ከምግብ በኋላ ያድርጉት። ምስርና ሽሮ ሲበሉ ቡናና ሻዩን አንድ ሰዓት ያዘግዩ፣ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉና።

ይህ ሁሉ ግን ጫናው ካልቀነሰ ብዙ አይሄድም። አለቃዎን «ደክሞኛል» ከማለት «እነዚህ አራት ሥራዎች እኔ ላይ ናቸው፣ የትኛው ይዘዋወር?» ብለው ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥዎታል። የዓመት ፈቃድም እርስዎ ከጠየቁና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወጣ ይችላል፤ ቀጣዩን ከሰኔ ግርግር በፊትና በኋላ ቢከፍሉት እንመክራለን።

ለውጡ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ሆኖም ከሥራ ውጭ ያለው ነገርም፣ ልጅም ጓደኛም ሙዚቃም፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ደስታ ካልሰጠዎት የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እንዲሁ ዝሎብኛል። «አይዞህ፣ ጠንከር በል» ብለው ይበልጥ ይዘጋል። እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ «ጠንከር በል» የሚለውን ይተዉት፣ እስካሁን የዛለው ጠንክሮ ነውና። «ምን ልርዳህ?» ማለትም ማሰብን መልሶ እሱ ላይ ይጥላል። ይልቅ አንድ የታወቀ ሥራ፣ ለምሳሌ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ ለሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ይውሰዱለት፤ እርስዎም የሚሠሩ ከሆነ ከዘመድ ጋር ይከፋፈሉት። እኛ ዘንድ እሑድ የዕረፍት ቀን የሚሆነው በስም ነው፤ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ማኅበር፣ ዕድር ይሞሉታል። ለቅሶ አይቀርም፤ ሆኖም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትደርሱ ቤተሰቡ ደርሷል። የማኅበሩን ተራ ደግሞ ለጥቂት ወራት እንዲያሸጋግሩለት ሰብሳቢውን እርስዎ ያነጋግሩ፤ እሱ ራሱ ሊጠይቅ ያፍራል።