የደም ግፊት ክኒኔን ለኢንሹራንሱ ልደብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ44 ዓመት ሰው ነኝ። ጎንደር አራዳ ገበያ ሸቀጥ እነግዳለሁ። ለልጆቼ ብዬ የሕይወት ኢንሹራንስ ልገባ ነው። ምርመራው ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ሳትበላ ና ተብያለሁ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ጓደኛዬ ግን «ክኒኑን ሳምንት ተወው፣ አትንገራቸውም፤ ደምህ አያሳብቅም» አለኝ። ደግሞ ዓርብ ጾም ነው፣ ውሃም አልቀምስ። ምን ይሻለኛል?
ከአዘዞ

መልስ፦ ኧረ ክኒኑን እንዳያቋርጡ! ጓደኛዎ ለክፋት አላሉትም፤ ግን መድኃኒቱን ሲተዉ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ዓርብ ጠዋት መሣሪያው ራሱ ያሳብቃል። ግፊቱ በክኒን የተያዘለትን ሰው ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ፤ ምናልባት አረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን) ከፍ ያደርጉበታል። ያልተያዘለትን ነው የሚያቆዩት ወይም የሚመልሱት።

መደበቁ ደግሞ ይብሳል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ እያወቁ የደበቁት ነገር ውሉን ያፈርሰዋል። የሚታወቀው መቼ መሰለዎት? ቤተሰብ ገንዘቡን ሲጠይቅ። ኩባንያው የሕክምና ካርድዎን ያስወጣል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ለማስረዳት የሉም። ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተቱት ባለቤትዎ ናቸው።

ምርመራው ያን ያህል አያስፈራም። ቁመት፣ ክብደት፣ ግፊት፣ ሽንት፣ ደም ነው። በደሙ ስኳር፣ ቅባት፣ ኩላሊትና ጉበት ይታያሉ፤ ኤችአይቪም ሊጨመር ይችላል። ዕድሜ ከገፋ ወይም የመድኑ ገንዘብ ከበዛ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራ) ሊጠይቁ ይችላሉ።

የጾሙን ነገር ስላነሱ ደስ አለኝ። ላቦራቶሪው የሚፈልገው ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሳይበሉ መቆየት ነው። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ራትዎን ከጨረሱ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 12 ሰዓታት ይሞላል። ውሃ ግን ለምርመራው አይከለከልም። ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ሥሩ ይጠፋና እኛ ነርሶች መርፌ ይዘን እንቸገራለን። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ውሃ ጠጣ ጠጣ ያድርጉ። ክኒኑን ጠዋት የሚወስዱ ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ስንቱን በሽተኛ «መድኃኒት ነው፣ ዋጠው» ብለው ሸኝተውልኛል!

ሐሙስ ማታ ጠላም አረቄም ይቅር፤ የቅባቱንና የጉበቱን ውጤት ያዛባል። ቡናም ከምርመራው በኋላ ይድረስ (ጎንደሬን ቡና መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ)። እንደ ደረሱ ግፊትዎን አይለኩ። ሽንትዎን ይሽኑ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ይበሉ፣ ወሬም ያቁሙ። ከ140 በ90 በላይ ካነበበ ድጋሚ እንዲለኩዎት ይጠይቁ፤ ነጭ ጋወን ሲያይ ግፊቱ የሚዘል ሰው ብዙ ነው።

የክትትል ካርድዎን ይዘው ይሂዱ። ቅጹን ወኪሉ ከሞላልዎት ሳያነቡ አይፈርሙ። የደም ግፊት ያለበት መስመር ላይ «የለም» ተጽፎ ካገኙ አሰርዘው፣ የክኒኑን ስምና የጀመሩበትን ዓመት ያስጽፉ።