መልስ፦ መነጽርዎ አልተበላሸም

«በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ያየሁት ኮከብ በባይኖኩላር እንኳ ብዥ ብሎ አልጠራ አለኝ» ላሉት፦ ያዩት ኦሜጋ ሴንታውሪ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ኮከብ አይደለም፤ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት በስበት ተያይዘው የተጨናነቁበት ሉላዊ ዘለላ ነው፣ ርቀቱም 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ። አይፈረድብዎትም፤ የጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚም ኮከብ ብሎ ነው የመዘገበው። አለመሆኑን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1677 ከሴንት ሄለና ደሴት የተመለከተው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በቴሌስኮፕ ቢያዩት ዳርዳሩ በጥቁር ጨርቅ ላይ እንደተበተነ ነጭ ጤፍ ፍሬ በፍሬ ይለያል፤ መሐሉ ግን አሁንም ጭጋግ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ግኝት ነው። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ20 ዓመት በላይ ያነሳቸውን ምስሎች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ከዘለላው መሐል ላይ ሰባት ከዋክብት ከመጠን በላይ ሲከንፉ አገኙ። በዚያ ፍጥነት ሳያመልጡ የቀሩት ቢያንስ 8,200 ፀሐዮችን የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል) ስለያዛቸው ነው ይላሉ።