ስሙ አጭር፣ መንገዱ ረጅም

ጥያቄ፦ የዓመታት የምርምር ሰነዶቼን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ዊንዶውስ «የፋይሉ ስም በጣም ረዝሟል» እያለ ያቆመኛል። ስሞቹ ግን አጫጭር ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የረዘመው ስሙ ሳይሆን መንገዱ ነው። ዊንዶውስ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ የየፎልደሩን ስም እስከ ፋይሉ ድረስ ደምሮ ይቆጥራል፤ የቆየው ጣሪያ 260 ፊደል ነው። አሮጌው ቦታ ላይ በልኩ የነበረው ፋይል፣ አዲሱ ፎልደር ስሙ ረጅም ከሆነ ከጣሪያው ያልፋል።

እባክዎ «ዝለል» የሚለውን አይጫኑ። እኔ የአባቴን ፎቶግራፎች ስገለብጥ ተጭኜው አለፍኩ፤ የጎደሉትን ያወቅኩት አሮጌውን ዲስክ ካጠፋሁት በኋላ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ፎልደሮች ስም ያሳጥሩ። «የመጨረሻ የተስተካከለ የምርምር ሰነድ» የነበረው «ምርምር» ቢባል በሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ያጥራል። የሚገለብጡትም በቀጥታ ድራይቩ ላይ እንጂ ሌላ ፎልደር ውስጥ አይሁን።

ይህ ካልበቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ (robocopy) የተባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ረጅም መንገድ አያስቸግረውም። በትእዛዝ መስኮቱ (Command Prompt) robocopy ብለው ምንጩንና መድረሻውን ጽፈው ስላሽ ኢ (/E) ይጨምሩ፤ ንዑስ ፎልደሮቹንም ይወስዳል። ስላሽ ሚርን (/MIR) ግን አይንኩ፤ ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው ይሰርዛል።

አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት የሁለቱን የፋይል ብዛት ያስተያዩ።